«ዜጋ» ሐኪም ሲፈልግ

ዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልዕልት ነው፤ ስሙ የተፈራው ግን በበሽተኞቹ ምክንያት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅ በ1925 ዓ.ም. ገና በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። በስሟ የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ያኔ ከከተማው ውጪ በነበረው የምዕራብ ጥግ ተሠራ። ጥግ መሆኑ እንዲያው ድንገት አይደለም። ከቤቱ የተባረረ፣ ከሠርግና ከለቅሶ የተገለለ፣ «ዘራቸው ነው» ተብሎ ለልጁ ትዳር ያጣ ሁሉ ከየአገሩ እየመጣ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሰ። ታከመ፣ ወለደ፣ ከበደ። ሰፈር ሆነ።

በ1958 ዓ.ም. እዚያው ግቢ ውስጥ አለርት ተቋቋመና ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከጎኑ ቆመ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ልብ በሉ፣ ባክቴሪያው ከተገኘ ከ80 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥጋ ደዌን ጋብቻ ከሚያስፈርሱ ምክንያቶች ውስጥ በስም ጠርቶ ጽፎት ነበር። በስም መጥራቱን የተወው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ዕውቀት በታክሲ ሲሄድ ሕግ በእግሩ ነው የሚከተለው።

ታዲያ ሕጉ እስኪደርስ ድረስ የዘነበወርቅ ሐኪሞችና ነርሶች ምን ያደርጉ ነበር? ሌላው ሰው ለመጨበጥ የሚሸሸውን እጅ ይዘው ቁስል ያጥባሉ። «አባትህ ምን በድሎ ነው?» ብለው አይጠይቁም። የሰፈሩ ሰው ምን ይላል ብለውም በራቸውን አይዘጉም።

ይህን ያመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ንጽጽሩን ግን አደራ አታጣሙብኝ። ሥጋ ደዌ በሽታ ነው። ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን መውደድ በሽታ አይደለም። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ሁሉ በሩን በዘጋበት ጊዜ ሐኪም በሩን መክፈት አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ጥያቄ።

እስቲ ከዚሁ ሰፈር አንድ ልጅ እናስብ። የማውቀው ልጅ አይደለም። ስምም አልሰጠውም፤ ስም ብሰጠው ነገ በዚያ ስም የሚጠራ ሁሉ ዱላ ይነሣበታል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ሥራ አለው፣ ወንድ ይወዳል። ይወደው የነበረው ጓደኛው ከተለየው ሦስት ወሩ ነው። እንቅልፍ አይወስደውም። እህል አይቀምስም። ከጦር ኃይሎች ሲመለስ ከመሻገሪያ ድልድዩ ላይ ቆሞ በቀለበት መንገዱ የሚከንፉትን መኪኖች ማየት አብዝቷል። እናቱ «ልጄን ምን ነካብኝ» ትላለች። ይህ ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል። ወንድ መውደዱን የሚያክም ሐኪም አይደለም፤ እንቅልፉን የሚመልስለት፣ ከድልድዩ ላይ የሚያወርደው ነው።

የት ይሂድ? በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ሥነ አእምሮን እዚሁ አገር በስፔሻሊቲ ደረጃ ማስተማር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሕዝባችን መቶ ሚሊዮን ሊሞላ ሲቃረብ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን መቶ አይሞሉም ነበር። ዛሬ የምክር አገልግሎት የሚሰጡ የግል ማዕከሎች በየሕንፃው በቅለዋል፣ ጥሩ ነው። ግን ወረፋውና ክፍያው ለማንም ከባድ በሆነበት አገር፣ የእኛ ልጅ ከወረፋውና ከክፍያው በላይ ሌላ ሥራ አለበት፦ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ከበሩ ጀርባ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ።

እንደምንም ገባ እንበል። ተቀመጠ። አሁን ደግሞ ቋንቋው ራሱ አላስወጣ ይለዋል። አማርኛችን ፆታ ይቆጥራል። «ተለየኝ» ካለ አበቃ፣ ያ አንድ ፊደል ሁሉን ተናገረ። ስለዚህ «ተለየችኝ» ይላል። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ውሸት ሆነች ማለት ነው። ቀጥሎ «ምን ትሠራለች? ስንት ዓመቷ ነው? ለምን አትታረቁም?» ይመጣል፤ እሱም ሴት እየፈጠረ ይመልሳል። ለአንድ ሰዓት የከፈለው ገንዘብ በሌለች ልጅ ታሪክ አለቀ። ፆታ የማይለየው አንቱታ ብቻ ነው፤ እንግዲህ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ፍቅረኛውን «ጥለውኝ ሄዱ» እያለ ሊያወራ አይችል ነገር!

እውነቱን ልናገር ቢልስ በምን ቃል ይናገር? የወንጀል ሕጉ ቃል አለ፤ የሰዶምን ከተማ ከነእሳቷ ይዞ የሚመጣ ቃል ነው። የመንገዱ ስድብ አለ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። «ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» የሚለው ደግሞ የዜና አንባቢ እንጂ የሰው አፍ የሚናገረው አይመስልም። እነሱ ለራሳቸው በመካከላቸው ያወጡት ቃል አለ፦ «ዜጋ»። «እሱ ዜጋ ነው»፣ «እሷ ዜጋ ናት» ይባባላሉ። ቃሉን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ። እኔ አልሳቅሁም። መታወቂያም ግብርም የምንጠይቀውን ሰው የምንጠራበትን ተራ ቃል ነው ለመሸሸጊያ የመረጡት።

አሁን ወደ ጠቤ ልግባ። ጠቤ ከቄሱ ወይም ከሼሁ ወይም ከፓስተሩ ጋር አይደለም። እነሱ ኃጢአት ነው ይላሉ፤ ሲሉ የኖሩ ናቸው፤ የሚያምነው ሰውም ወዶ ሄዶ ይሰማቸዋል። የእኔ ጠብ ግድግዳው ላይ ዲግሪ ሰቅሎ፣ ሰዓት ቆጥሮ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ከዚያ ስብከት ከሚሸጥ ባለሙያ ጋር ነው። ልጁ ስንት ሌሊት ሲለማመደው የከረመውን ቃል ሲያወጣ «ጠበል ሞክረሃል?» የሚል ባለሙያ። ልጁ እኮ ጠበሉን ከፈለገ መንገዱን ያውቀዋል፤ እንጦጦ ለመሄድ የማማከር ክፍያ አያስፈልገውም። በየኤፍ ኤሙና በየቴሌቪዥኑ «ይድናል፣ አድኜአለሁ» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው።

ከሁሉ የሚብሰው «አግባና ይተውሃል» የሚለው ነው። ምክሩ ቀላል ነው፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን የመካሪው አይደለም። አንዲት የሰው ልጅ፣ ምንም የማታውቅ፣ ቬሎ ለብሳ ሽማግሌ ተልኮላት ለሌላ ሰው ሕክምና መድኃኒት ሆና ትሰጣለች። ከዓመት በኋላ «ምን ጎድሎብኝ ነው የማይፈልገኝ?» እያለች ራሷ ሐኪም ፍለጋ ትወጣለች። ሴት የምትወድ ሴት ላይ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። እሷን ማንም «አግቢ» ብሎ አይመክራትም፣ ይድሯታል። ባል በተባለው ሰው አልጋ ላይ በየሌሊቱ የሚደርስባትን ስሙን የምንጠራው ሌላ ሰው ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ባለሙያው ግን በመዝገቡ ላይ «ተሻሽላለች» ብሎ ጽፎ ይዘጋል።

«የፈረንጅ ጣጣ ነው» የሚለው ክርክር ደግሞ እንዴት እንደሚያስቀኝ! ኃጢአት ማለት የጥንት ነው፣ አልክድም። በሽታ ነው ማለት ግን ከነሱትፉ ከነክራቫቱ ከአውሮፓ የመጣ ነው። ክራፍት ኢቢንግ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የሰውን ፍቅር እንደ ቢራቢሮ በመርፌ ወግቶ ከበሽታ መዝገብ ካሰፈሩት ዋነኞቹ አንዱ ነው። የሕጉም ነገር ያው ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። የእሳቸው አገር እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን መቅጣት ትታ ነበር፤ ለእኛ በተረቀቀው ውስጥ ግን ቅጣቱ ገባ። «የራሳችን ባህል» ብለን ደረት የምንመታለት በሽታ የሚል ስም የማን ዕቃ እንደሆነ እስቲ ታርጋውን እንይ።

ስሙን የሰጠው ሙያ ደግሞ ራሱ መልሶ ወስዶታል። እንዴት እንደወሰደው ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1972 ዳላስ ላይ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሲሰበሰብ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጣ። ፊቱ ላይ ጭምብል፣ ራሱ ላይ ዊግ፣ ድምፁን የሚለውጥ ማይክሮፎን። ራሱም የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር፤ ወንድ የሚወድ መሆኑን ለሙያ ጓደኞቹ የተናገረው ሥራውን እንዳያጣ በዚያ መልክ ተሸፍኖ ነው። ጆን ፍራየር ይባላል፣ ስሙን በይፋ የገለጸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1973፣ ማኅበሩ ነገሩን ከበሽታዎች ዝርዝር አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ከራሱ መዝገብ ሰረዘው። ሮበርት ስፒትዘር የተባሉት ስመ ጥር ሐኪም «አንዳንዶች ሊለወጡ ይችላሉ» የሚል ጥናት በ2003 አሳትመው ነበር፤ 200 ሰው በስልክ ጠይቀው። በ2012፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ጥናቱ የሚያስኬድ እንዳልነበረ ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። የዓለም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 አቋሙን ሲያወጣ፣ የሰውን የፍቅር ዝንባሌ ሕክምና እንደሚለውጠው የሚያሳይ አስተማማኝ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለ፣ «ሕክምና» የተባለውም ጉዳት እንደሚያስከትል ገለጸ።

«ይህ ሁሉ የነጮች ነው» ለሚል፣ ደቡብ አፍሪካን ያየ። በአፓርታይድ ዘመን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሐኪሞች ወጣት ወታደሮችን «ለመለወጥ» በኤሌክትሪክ ያነዝሩ ነበር። የዚያችው አገር የሥነ ልቦና ማኅበር በ2017 ባለሙያዎቹ እነዚህን ሰዎች እንዴት ሳይፈርዱ ሊያገለግሉ እንደሚገባ መመሪያ አወጣ። አፍሪካዊ መመሪያ ነው፣ በአፍሪካውያን የተጻፈ።

አሁን «ሕጉስ?» የሚለው ባለሙያ እጁን ያነሣል። ጥሩ። ሕጉን እናንብበው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እሥራት ይቀጣል፤ 630 ከባድ በሆኑ ሁኔታዎች እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ያደርሰዋል። ሕጉ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን፤ የእኔን መልስ ትገምታላችሁ። ነገር ግን አንቀጹ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ማዘንን፣ መውደድን፣ እንቅልፍ ማጣትን የሚቀጣ አንቀጽ የለም። ያዘነን ሰው ማከምን የሚከለክልም የለም።

«ሰምቼ ዝም ካልኩ እጠየቃለሁ» የሚሉም አሉ። አንቀጽ 443 የማሳወቅ ግዴታ የሚጥለው ወንጀሉ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። 629ም 630ም እዚያ አይደርሱም። በአንጻሩ አንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምን፣ ነርስን ይቀጣል። እንግዲህ በዛሬው ሕግ፣ ምንም ሳይሻሻል፣ ዝም ያለው ባለሙያ አይታሠርም፤ ሊከሰስ የሚችለው ለልጁ አባት ስልክ የደወለው ነው። ይህን በየኮሌጁ የሚያስተምር ስንት መምህር አለ?

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ላይ ርምጃ መውሰድ እንደጀመረ አስታውቆ፣ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቆ ነበር። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም እየለጠፉ «ይህን ፈልጉት» የሚሉ ነበሩ። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ ኩባንያው ይህን እንዲያስቆም ጮኸ። በዚያ ሰሞን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀጠሮ የያዘ «ዜጋ» ቢኖር ቀጠሮውን ያክብር ነበር? እናንተስ ብትሆኑ?

ይህ ሁሉ የእኔ ግምት እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሺዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ጉዳዩን ማንም ሊነካው በማይደፍርበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ በአዲስ አበባ ወንድ የሚወዱ ወንዶችን አነጋግሮ ጽፏል። በ2019 ደግሞ ከወልደኪዳን ክፍሌ አምዴ ጋር ሆኖ በከተማችን ያሉ እነዚህ ሰዎች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ሲታመሙ ምን እንደሚያደርጉ አጥንቷል። የሚነበበው ያሳዝናል። መገለልንና መታወቅን ፈርተው ከጤና ተቋም ይርቃሉ፤ ከሄዱም ማንነታቸውን ደብቀው ነው። ታማሚው እየዋሸ፣ ሐኪሙ በውሸቱ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት እያዘዘ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 97ቱ ኅብረተሰቡ ይህን ሊቀበል አይገባም ብለዋል። ይህን ቁጥር እንደ ዋንጫ ይዘው የሚዞሩ አሉ። እሺ፣ 97 ይሁን። መድኃኒት ግን በድምፅ ብልጫ አይታዘዝም። የዘነበወርቅ ነርስ ቁስል ከማጠቧ በፊት የሰፈሩን ሰው እጅ አስወጥታ ብትቆጥር ኖሮ ስንቱን ታጥብ ነበር?

ደግሞ «እንዲያጸድቁላቸው ነው የሚፈልጉት» ይባላል። ማጽደቅ ምን ማለት ነው? ባለሙያው ጨፍሮ፣ እልል ብሎ እንዲቀበላቸው የጠየቀ የለም። የሚፈለገው ነገር እንዲያውም ትንሽ ነው፦ «ተለየኝ» ሲል «ስንት ጊዜ አብራችሁ ቆያችሁ?» ብሎ መጠየቅ። ሚስቱ ለሞተችበት ሰው እንደሚጠየቀው። ልጁ ሊነገረው የመጣው ስለ ድብርቱ ነው፤ ስለ ድብርቱ ማውራት። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም የሚል ባለሙያ ካለም መብቱ ነው፤ በጨዋ ደንብ «ሌላ የሚረዳህ ሰው ላገናኝህ» ብሎ ምስጢሩን አፉ ውስጥ ይቅበር። ይህን ማድረግ ያቃተው ሰው ግን የመረጠው ሙያ አልሆነውም፤ ሌላ ብዙ ሥራ አለ።

ውጭ ያለው ወገን ተገላገለ ብላችሁ እንዳታስቡ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለችው ልጅ የማይፈርድባት ባለሙያ ታገኛለች፤ አማርኛ የሚችል ግን አይደለም። እናቷ «አፈር ልብላልሽ» ያለቻትን በእንግሊዝኛ ስታስረዳ የእናቷ እንባ ከመንገድ ይቀራል። አማርኛ የሚችለውን ስታገኝ ደግሞ ሰውየው እሑድ እሑድ ከአባቷ ጋር ቡና የሚጠጣ ሆኖ ይገኛል።

የሥነ ልቦናም የሥነ አእምሮም ባለሙያዎቻችን ማኅበራት አሏቸው። ስብሰባ ያደርጋሉ፣ የአእምሮ ጤና ቀንን ያከብራሉ፣ ቲሸርት ያሳትማሉ። ከእነሱ የሚፈለገው አብዮት አይደለም። ሁለት መስመር ነው፦ ይህ በሽታ አይደለም፣ «እናድናለን» የሚል አባል የማኅበሩን ስም አይጠቀም፤ የታካሚ ምስጢርም በማንም ጥያቄ፣ በወላጅም ቢሆን፣ አይወጣም። ሕግ መጣስ የለበትም። ፖለቲካ የለበትም። ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? የዚያን ልጅ እናት እስክትጠይቃቸው?

እስከዚያው ግን ሰው እየታመመ ነውና፣ ይህን ለሚያነብ «ዜጋ» ጥቂት ነገር ልበል። ስለ ራስህ ምንም ሳትናገር በፊት በስልክ ጠይቅ፤ አንቺም ጠይቂ። ጥያቄ መጠየቅ ወንጀል አይደለም፣ ስምም መናገር ግድ የለም፣ የጎረቤት ስልክ ግን አትጠቀሙ። መዝገቡ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያየው ጠይቁ። ቤተሰብ መጥቶ «ልጃችን ምን ነገራችሁ?» ቢል ምን እንደሚመልሱ ጠይቁ። ባለሙያው በእነዚህ ከተቆጣ፣ ሌላውን መጠየቅ አያስፈልግም። ካልተቆጣ፣ «ለአንድ ጓደኛዬ ነው» በሉና የመጨረሻውን አስከትሉ፦ «ተመሳሳይ ፆታ የሚወድ ሰው ቢመጣብዎ እንዲለወጥ ይመክሩታል?» ብሎ።

«አዎ» ካለ ስልኩን ዝጉ። «በእግዚአብሔር ዘንድ ሁሉም ይቻላል» ካለም ዝጉ። ዝም ብሎ ቆይቶ «ምን ሆኖ ነው የሚመጣው? እንቅልፍ አጥቶ ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ለጓደኛችሁ ቀጠሮ አስይዙለት።